ሰባት ቀን ይድረቅ

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1963

ትምህርት ቤት ውዬ መጣሁ። አምስተኛ ቢ ዛሬም የእንግሊዝኛውን ወንድና ሴት አልለየም፤ ዲሬክተሩን "እሷ" አሉት። ሙቀቱ ረገብ ብሏል። ከሰኔ ወዲህ ደብተሬ በላብ ሳይርስ ስጽፍ ገና ዛሬ ነው።

ውድነህ መስኮቱ ሥር ነው። የእግሩ ጀሶ ከተፈታለት ወር ሊሞላው ነው። ሐኪሙ "ድነሃል፣ ሂድ ወደ ሥራህ" ብሎታል። እሱ ግን ከወንበሩ አይነሣም። ከአሰብ ወደብ የሚወጣውን ከባድ መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል። "ይሄ የሸዋንግዛው ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ እንቢ ብሎታል።" ከዚያ ሌላውን ይጠብቃል። መኪናው ተገልብጦበት ከመጣ ጀምሮ ወሬው ይኸው ነው። ዛሬ የግድግዳውን ሰዓት ሦስት ጊዜ ሞላው። ሰዓቱም ሳይሰለቸው አልቀረም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነበር። አሰብ፣ አዲስ አበባ፣ አሰብ። "እቤት የሚውል ባል ስጠኝ" ብዬ ተስዬ ነበር እንዴ? አልተሳልኩም። ማለት… ጮክ ብዬ አልተሳልኩም።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

የሳይንስ አስተማሪው ወልደየሱስ ዕቃ ቤቱን ሲያጸዳ አንድ ካርቶን አገኘ። ዐምና አገሩ የተመለሰው አሜሪካዊ አስተማሪ ትቶት የሄደው ነው። ላዩ ላይ ሮኬት ተስሏል። ውስጡ ግን ሮኬት የለም። የወረቀት ቱቦ፣ ስስ እንጨት፣ ክር፣ ላስቲክ፣ አራት ገጽ እንግሊዝኛ፣ ባሩድ የታጨቀባቸው ጣት ጣት የሚያክሉ ሞተሮች ሁለት። ተገጣጣሚ ነው። ሲያልቅ ከክንዴ ጥቂት ይረዝማል፣ በእውነትም ይተኮሳል አለኝ።

ዲሬክተሩ ለወላጆች ቀን ይድረስ ብሏል። ወልደየሱስ ፈራ። "እኔ የማውቀው ቲዎሪውን ነው፣ ወይዘሮ ብርቅዬ። ባለቤትዎ እጃቸው ሥራ ያውቃል። ደግሞ… ቤት ነው ያሉት።" "ደግሞ" ሲል መሬት መሬቱን አየ።

ካርቶኑን በብብቴ ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው?"

"ሮኬት።"

"የልጅ መጫወቻ" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

አልነካውም። ጠረጴዛውን በጠረግኩ ቁጥር ግን ካርቶኑን ወደሱ ትንሽ ትንሽ አስጠጋዋለሁ። ሲመሽ ክርኑ አጠገብ ደርሷል። ብልጥ ነኝ መቼም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ነጠላዬ ተዘርግቷል። የክት ነጠላዬ! በላዩ ላይ የሮኬቱ ዕቃ በየመጠኑ ተደርድሯል፤ ሞተር ሲፈታ ብሎን እንደሚደረደር።

"ምነው በነጠላዬ?"

"ነጭ ላይ ትንንሽ ዕቃ አይጠፋም። ሲጠፋም ወዲያው ያስታውቃል፤ ጋራዥ ውስጥ ሁሌ እንዲህ ነው የምናደርገው።"

ተቆጣሁ። ማለት የተቆጣሁ መሰልኩ። ይሄን የሚያህል ንግግር ከአፉ ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?

"ነይ አንብቢልኝ" አለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

እኔ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ እሱ ከወረቀቱ ጋር ይጣላል።

"ሞተሩን ቱቦው ውስጥ አስገባ" ስል፣ "ሞተር ነው የሚላት ይቺን? ፒስተን የላት፣ ዘይት አትጠጣ…"

የጻፈው ሰውዬ እዚህ የለም፣ እኔን አትጨቅጭቀኝ አልኩት።

"ሾፌር አይደለም። ያስታውቃል።"

ክንፎቹ አራት ናቸው። የሚለጠፉበት ቦታ በቱቦው ቁመት ቀጥ ያለ መስመር መሠመር አለበት። ማስመሪያ ደግሞ ክብ ነገር ላይ አይቆምም። ወረቀቱ ምን እንደሚል ፈልጌ ሳላገኝ ኢንጂነሩ ባሌ ቱቦውን የበሩ መቃን ጥግ ላይ አጋድሞ፣ እርሳሱን በመቃኑ አስደግፎ ሳበው። ቀጥ አለ። በኋላ ወረቀቱ ላይ አገኘሁት፤ "የበር መቃን ተጠቀም" ነው የሚለው። አልነገርኩትም። ይኮራል።

ሰኞ፣ ኅዳር 21

ዛሬ የማልስቅበት ነገር አየሁ።

ክንፎቹን በምላጭ ቆርጦ ጨርሷል። አንደኛውን ኮላ ቀብቶ ቱቦው ላይ ሊያቆም ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ። ትንሽ አይደለም። ክንፉ ጠመመ። ነቅሎ ጠረገው፣ እንደገና ሞከረ። እንደገና ጠመመ።

"ኮላው ቀጥኗል" አለ።

ኮላው አልቀጠነም። ወደ ማድ ቤት ገብቼ ያለ ምክንያት ድስት አንኳኳሁ፣ ያላየሁ እንዲመስለው።

ለካ ብርጭቆ በሁለት እጁ የሚይዘው ለዚህ ነው። መላጨት የተወውም ለዚህ። እኛ ሁላችን እግሩን ስናይ ነበር። ሐኪሙም፣ ባለመኪናው አቶ ሣህሉም፣ እኔም… ሚስቱ። አብሬው እየበላሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 24

የክብሪት ቀፎ ሰብስቦ ግራና ቀኝ አቆመና ክንፉን መሐል አስገባው። ኮላው እስኪይዝ ቀፎዎቹ ይደግፉታል፤ እጅ አያስፈልግም።

"እጅ ካልታዘዘ ድጋፍ ይሠራለታል" አለ፣ ቀና ሳይል። እኔም ቀና አላልኩም። ደብተር እያረምኩ ነበርና አንዱን ልጅ ከአሥር አሥራ አንድ ሰጠሁት።

አራቱም ክንፎች ቆመዋል። ከጫፍ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አየኋቸው። የእኛ ትምህርት ቤት ሰልፍ እንዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 30

ቤቱ ወፍጮ ቤት ሆኗል። ነገሩ እንዲህ ነው። የክንፎቹ እንጨት ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ቀለም ከመቀባቱ በፊት መደፈን አለበት። ወረቀቱ የሚያዝዘው ፈሳሽ አሰብ ውስጥ የለም። ኢንጂነሩ "እኛ ስቱኮ እንለዋለን፣ ራሴ እሠራዋለሁ" ብሎ የገላ ዱቄቴን፣ ያቺ ከአዲስ አበባ ያመጣኋትን ሽታዋ የሚጥመኝን፣ ከቬርኒስ ጋር ለወሰው። ይቀባል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ እንደገና ይቀባል። ሦስት ቀኑ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓባይነሽ በበሩ አንገቷን አስገብታ "ሮኬት እንዲህ ይሸታል እንዴ? ለኔም ይተኮስልኝ" ብላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እየፋቀ ሳለ በራሱ ጊዜ ተናገረ። ስለ አደጋው። ሦስት ወር ያልተናገረውን።

"ግመሉን አይቼዋለሁ። ልጅቷን ነው ያላየሁ… ከግመሉ ወዲያ ነበረች። ስትወጣ መሪውን ጠመዘዝኩ።"

"ምንም አልሆነችም እኮ፣ ውድነህ።"

"አውቃለሁ። ራሷ ናት ውኃ ያጠጣችኝ።" ክንፉን እፍ ብሎ ዱቄቱን አራገፈ። "እጄ ግን አላወቀም።"

እኔም የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ አንሥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩና አንዱን ክንፍ መፋቅ ጀመርኩ። እስኪመሽ ፋቅን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

ፓራሹቷ የኔ ድርሻ ናት። ሮኬቷ ወደ ላይ ወጥታ ስትጨርስ ተዘርግታ ቀስ አድርጋ የምታወርዳት። ስስ ላስቲክ፣ ስድስት ክር። እኔ ሳስር ሾፌሩ በላዬ ላይ ቆሞ፣ "ሦስተኛው ክር አጥሯል። አላየሽም? አሁንም አላየሽም።" በክፍሌ ውስጥ እንዲህ ነው እንዴ የማስቸግረው? ልጆቹ መልአክ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 10

የቀለም ጠብ። እኔ ሰማያዊ፣ እሱ ቀይ። በመጨረሻ አካሏ ነጭ፣ አፍንጫዋ ቀይ፣ ወገቧ ላይ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር እንዲሆን ተስማማን። ያሸነፈ መስሎታል። ነጩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ትናንት በጠዋት ቀባት። የባሕሩ እርጥበት ገብቶባት ወተት እንደፈሰሰበት ነገር ደበዘዘች። ፍቆ አወረደው። ዛሬ ደግሞ በቀትር፣ አቧራ እንዳይገባ በርና መስኮት ዘግቶ… ላቡ በጀርባው እየወረደ። ያማረ ነጭ ወጣ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ። አሥር ሰዓት ላይ ዓባይነሽ መጣችና "ደርቋል እንዴ?" ብላ በጣቷ ነካችው። አልደረቀም ነበር።

ውድነህ የብርጭቆ ወረቀቱን አነሣ። እሷ በኀፍረት ሄዳ የተጠበሰ ዓሣ በሳህን ይዛ ተመለሰች። ዓሣው ጥሩ ነበር። ውድነህ "ሌላም ጊዜ ብትነኪው ግድ የለኝም" አላት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ መስመሯን ሠመረ። ያቺን ቀጭን ቀይ። ያለ ክብሪት ቀፎ፣ ያለ ድጋፍ። ቱቦዋን በግራ እጁ እያዞረ ብሩሹን በቀኙ አሳረፈ። ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ገጠመ። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

እልል ማለት አማረኝ። ያልኩት ግን "ትንሽ የተወላገደ ይመስለኛል" ነው።

"የት?"

"የለም፣ ዓይኔ ነው።"

ፂሙንም ተላጭቷል። ልብ ያልኩት አሁን ስጽፍ ነው።

ማታ ገና ሳይጨልም አቶ ሣህሉ መጣ። ሮኬቷን አንሥቶ አገላበጣት፣ መስመሯን አየ፣ ከዚያ የውድነህን እጅ አየ። ሞኝ ሰው አይደለም።

"መኪናው ከጋራዥ ወጥቷል። ሌላ ሾፌር አልቀጠርኩበትም" አለ።

"ይቺን ልጨርስና" አለ ውድነህ።

እንቢ አላለም። እኔ በሩ ላይ የሻይ ዕቃ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ባሌ ዳነ። እያነበብኩ፣ ክር እያሰርኩ፣ ዱቄቴን እየገበርኩ ያዳንኩት እኔ ነኝ… ለማን? ለመንገዱ?

እሑድ፣ ታኅሣሥ 18

የቀረው ቬርኒስ ብቻ ነው። ቀባትና "ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ምን ይላል?" አለኝ።

ወረቀቱ "አንድ ሌሊት ይድረቅ" ይላል።

"ሰባት ቀን ይድረቅ ይላል" አልኩ።

አስተማሪ ነኝ እኮ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 25

ሰባቱ ቀን አለቀ።

"ከዚህስ በኋላ?"

"ሁለተኛ ቬርኒስ። ከዚያ… ሌላ ሰባት ቀን።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ገለበጠው፣ ምንም እንደማይገባው እያወቅኩ ጣቱን በዓይኔ ተከተልኩት። መለሰልኝ። "ጠንቃቃ ሰውዬ ነው" አለ።

ይሄን ሳምንት የሆነው ይጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይጠብስልኛል፤ ያሳርረዋል፤ እበላዋለሁ። ከዘራውን ትቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይሸኘኛል። ትናንት ወደ ባሕሩ ወርደን ጀልባ ሲራገፍ አየን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አብረን ባሕር ዳር የሄድነው ስንት ጊዜ ነው? ሁለተኛ ሰባት ቀን ምን አላት፣ ለሦስተኛም አለሁ።

አፍሬያለሁም። ሁለቱም እውነት ነው።

ሰኞ፣ ጥር 3

ሦስተኛ ቬርኒስ። ሮኬቷ መስታወት ሆናለች፤ ፊቴን አየሁባት። የውሸታም ፊት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 15

የወላጆች ቀን። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አገር ምድሩ ተሰብስቧል። ውድነህ ከአቶ ሣህሉ መኪና ያወረደውን ባትሪ አስቀምጦ ረጅም ሽቦ ዘርግቷል። ሮኬቷ በብረት ዘንግ ቆማለች። ዲሬክተሩ ስለ ሳይንስና ስለ አገር እድገት ረጅም ንግግር አደረገ። ወልደየሱስ ራቅ ብሎ ቆመ፤ በጣም ራቅ ብሎ።

ልጆቹ ከአሥር ወደ ኋላ ቆጠሩ። ውድነህ ሽቦውን አገናኘ።

ምንም።

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ዲሬክተሩ አሳለው። እኔ ያየሁት የውድነህን እጅ ብቻ ነው። ሄዶ ጎንበስ አለ፣ የሽቦውን ጫፍ አየ፣ ሰንጢውን ከኪሱ አውጥቶ ዝገቱን ፋቀ፣ ባሩዱ ውስጥ የምትገባዋን ፀጉር የምታክል ሽቦ በሌላ ለወጠ። ያ ሁሉ ሰው እያየው። ቀስ ብሎ። እጁ እንደ ግድግዳ።

ሁለተኛ ተቆጠረ። ፊሽ… ብላ ሄደች። ለማየት ቀና ስል ነጭ ጭስ ብቻ ነበር፣ ከዚያ ከሰማዩ መሐል አንዲት ነጥብ። ፓራሹቷ ተዘረጋች። ስድስቱም ክር። ማንም አልሳቀም፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ዓባይነሽ "ያቺን እኔ ነክቻታለሁ" ትላለች ለማያውቃት ሁሉ።

ነፋሱ ወደ ባሕር ወሰዳት። ከራሔይታ ዓሣ ጭኖ የሚመጣ አንድ የአፋር ጀልበኛ ከውኃው ላይ አንሥቶ ወደ ዳር አመጣልን። ቱቦዋ በስብሳ አብጣለች፣ አንድ ክንፏ የለም። ሰላምታ ሰጥቶ የማን እንደሆነች ጠየቀ። ውድነህ "የሚስቴና የኔ" አለ። ሰውዬው ፓራሹቷን አገላብጦ አየና ማን እንዳሰራት ጠየቀ። እኔ ነኝ አልኩ በኩራት። አንዷን ቋጠሮ ፈታና በዝምታ እንደገና አሰረልኝ። ውድነህ የሳቀው ሳቅ! ግንባሩን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። በስንት ወሩ።

እራት ላይ፣ እንጀራውን እየቆረሰ፣

"ሰባት ቀን ያልሽው የትኛው ገጽ ላይ ነው?"

የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

"ወልደየሱስን ጠይቄዋለሁ። ለገና ዋዜማ። አንድ ሌሊት ነው አለኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"እኔም አልደረቅኩም ነበር" አለ። ውኃ አቀበለኝ። "ብርቅዬ፣ በየካቲት መጀመሪያ ጭነት አለ። እሺ ብዬዋለሁ።"

አውቅ ነበር። መልሱን ግን አላውቅም ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ እኔም ከሱ ጋር ነው የሰማሁት።

"ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። መንገዱን አይቼው አላውቅም።"

እውነቴን ነው። እዚህ የተመደብኩ ጊዜ በአውሮፕላን መጣሁ፤ እናቴን ለማየትም በአውሮፕላን ነው የምሄደው። የሾፌር ሚስት።

መቁረሱን ተወ። "ይሞቃል። ያንገላታል። አቧራ ነው" አለ።

"አሰብ ምንድን ነው ታዲያ?"

ማክሰኞ፣ ጥር 25

ዓባይነሽ ዶሮዎቻችንን ትጠብቃለች። "እንቁላሉን ግን አልጠብቅም" ብላለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 3 ቀን 1963፣ ሚሌ

በእርሳስ ነው የምጽፈው፤ ብዕሩ በመኪናው መንገጫገጭ ቀለም ተፍቶብኛል።

ትናንት በጠዋት ወጣን። ዛሬ ከሰርዶ ጥቂት እንዳለፍን ፍጥነቱን ቀነሰ። አልነገረኝም፤ ግን አወቅኩ። መንገዱ ዳር የተሰበረ መስታወት አሁንም ያብለጨልጫል። መሪውን አጥብቆ ያዘ። እጁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አየሁት፤ አሁን ድስት የማንኳኳበት ማድ ቤት የለም። "እጅህ ይንቀጠቀጣል" አልኩት። "ይንቀጠቀጣል" አለ። ዝቅ ባለ ማርሽ አለፍነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ስለ ጎማ ዋጋ እያወራኝ ሚሌ ደረስን።

ሾፌሮች የሚበሉበት ቤት የአንዲት ወይዘሮ ከበደች የሚሏት ነው። ገና ከመኪናው ስወርድ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ብርቅዬ ነሽ?"

ደነገጥኩ። "እንዴት አወቅሽኝ?"

"አስተማሪዋ። ሻይ ያለ ስኳር። ወጥ ላይ ቅቤ ሲበዛ የሚያማት።" ወደ ውስጥ ጮኸች፣ "ቅቤ የሌለበት አውጪ፤ የውድነህ ብርቅዬ መጥታለች።"

ሾፌሮቹ ተነሥተው ወንበር ለቀቁልኝ። አንዱ ሽማግሌ "ስትቆጪ በእንግሊዝኛ ነው አሉ፣ እውነት ነው?" አለኝ። ሌላው የእናቴን ጤና ጠየቀኝ። የእናቴን ጉልበት ያውቃል! ውድነህ እጁን ሊታጠብ ሄዶ ብዙ ቆየ።

ዘጠኝ ዓመት በወር ሃያ ቀን ያለኔ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ለካ እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ፣ ሻይ ሲቀዳልኝ፣ ሲሳቅብኝ ኖሬያለሁ። እኔ ብቻ አልሰማሁም።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ሳትመጪ?" አለች ከበደች።

ምን ልበላት? "አልጠየቅኩትም።"

"አንተስ?" ብላ ወደሱ ዞረች።

"እንቢ ብትለኝስ ብዬ" አለ፣ እጁን በፎጣ እያደረቀ። በዚያ ሁሉ ሾፌር ፊት። ማንም አልቀለደበትም። ሽማግሌው ብቻ ወጡን ወደኔ አስጠጋልኝ።

ነገ ባቲ። ዳገቱን በጠዋት እንጀምረዋለን፣ በአንቺ በኩል ገደል ነው፣ ትፈሪያለሽ አለኝ ውድነህ። እፈራለሁ። መስኮቱን ግን አልለቅለትም።